ገጽዎን ይዘው ይምጡ፦ የፊልም ጽሑፍን በወርክሾፕ ለመማር

ስክሪፕት ብዙ ሰው የሚሠራበት ወረቀት ነው። ተዋናዩ ቃሉን ያጠናበታል፣ ካሜራማኑ ብርሃኑን ያስብበታል፣ ፕሮዲውሰሩ ስንት ቀን እንደሚቀረጽና ስንት ብር እንደሚፈጅ ያሰላበታል። ለዚህ ነው ብቻን ቤት ዘግቶ መማሩ የማያዋጣው። መጽሐፍ አንብበው፣ የዩቲዩብ ትምህርት ተከታትለው ስለ ታሪክ አወቃቀር ሁለት ሰዓት የሚያወሩ፣ ግን አንድ ባለ አሥር ገጽ ስክሪፕት ያልጨረሱ ሰዎች ሞልተዋል። እነዚህ ሰዎች ሌላ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ገጻቸውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰውና በየሳምንቱ የማይቀር ቀጠሮ ነው።

መንገዱ የተፈተነ ነው። ሮበርት ሬድፎርድ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋመው ሰንዳንስ ኢንስቲትዩት ጀማሪ ጸሐፊዎችን የሚያሠለጥነው በዚሁ መልክ ነው፤ ጸሐፊው ረቂቁን ይዞ ይመጣል፣ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች አንብበውት ይጠብቁትና አንድ ለአንድ ያነጋግሩታል፣ እሱም ተመልሶ ይጽፋል። ቀጥሎ ያለው ይህንኑ አሠራር በአሥራ ሁለት ሳምንት፣ በትንሽ ወጪ፣ በአማርኛ ለማካሄድ የሚሆን መንገድ ነው። በመጨረሻው በእጅዎ የሚኖረው አሥር ገጽ ገደማ የሆነ፣ ተነብቦ፣ ተሰርዞ፣ ተስተካክሎ ቢያንስ አንድ ትዕይንቱ የተቀረጸ የአጭር ፊልም ጽሑፍ ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቅ

ሥልጠና ገንዘብ ከፍለው ሊወስዱ ካሰቡ ሰርተፍኬት ይሰጣል ወይ ብለው አይጠይቁ። ስክሪፕት ገዝቶ ሰርተፍኬት የጠየቀ ፕሮዲውሰር እስካሁን አልገጠመኝም። ይልቅስ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሥልጠናው እስኪያልቅ ስንት ገጽ እጽፋለሁ? ማን ያነብልኛል? አንዱን ትዕይንት ስንት ጊዜ ደግሜ እጽፈዋለሁ? ቃሉን የሚናገር ተዋናይ ይመጣል? መልሱ «መጀመሪያ ቲዎሪውን እንጨርሳለን» ከሆነ ያ ትምህርት ሌክቸር ነው። ሌክቸር ክፉ አይደለም፤ ገንዘቡ ግን የሚከፈለው ለወርክሾፕ ተብሎ ከሆነ ይወቁት።

መደበኛ ትምህርት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለው። የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» የቀረጸው ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ ደግሞ በአዲስ አበባ ብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚን ያቋቋመ ሰው ነው። ሁሉም ሰው ግን ሥራውን ትቶ ወይም ከክፍለ ሀገር መጥቶ መማር አይችልም። ስለዚህ የራስን ጠረጴዛ ማቋቋም ይሻላል።

የራስዎን ጠረጴዛ ማቋቋም

አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል። ከሰባት ከበለጠ ተራ የማይደርሰው ይኖራል፣ ከአራት ካነሰ ሁለቱ ሲቀሩ ስብሰባው ይፈርሳል። ሁሉም ጸሐፊ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ጸሐፊ ብቻ የተሰበሰበበት ጠረጴዛ ስለ ቃላት ውበት ሲከራከር ይመሻል። ቢያንስ አንድ የትወና ልምድ ያለው ሰው ይኑር፤ የቴአትር ክበብ ውስጥ የነበረ ይሁን የሬዲዮ ድራማ የሠራ ግድ የለም። አንድ ደግሞ ካሜራ ወይም ኤዲቲንግ የሚያውቅ። እሱ «ይሄን እንዴት ነው የምቀርጸው?» ሲል አንድ ምዕራፍ መጽሐፍ ያስተምራል።

ቦታው የትም ሊሆን ይችላል፤ የወጣት ማዕከል፣ የቤተ መጻሕፍት ክፍል፣ የአንዳችሁ ሳሎን። ካፌ አይመከርም። ሙዚቃው ድምፅ ይውጣል፤ በዚያ ላይ የፍቅር ትዕይንት ጮክ ብሎ ለማንበብ አስተናጋጁ ትዕዛዝ እየጠበቀ ራስዎ ላይ መቆም የለበትም። ቀንና ሰዓቱ አይቀያየር። ገጹ ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ይላክ፣ በዕለቱ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለሁሉም ይታደል። በስልክ የሚያነብ ሰው እስክሪብቶ ስለማይዝ የት እንደሰለቸው አይታወቅም።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላሉትም በቪዲዮ ጥሪ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ገጸ ባሕርያቱ አማርኛን ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ እየቀላቀሉ የሚያወሩ ከሆነ እንደሚያወሩት ይጻፉት። ማንም ቤቱ የማይናገረው የዜና አማርኛ ተዋናዩ አፍ ላይ ይሞታል።

የጠረጴዛው ደንብ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፤ ወርክሾፕ የሚፈርሰው በደንብ ማጣት ነውና።

ገጹ ሲነበብ ጸሐፊው አያነብም። ሌሎች ሚና ተከፋፍለው ያነባሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ የድርጊት መግለጫውን ያነባል። ጸሐፊው ያዳምጣል፣ የት ምላስ እንደተደናቀፈ፣ የት ሰው እንደሳቀ፣ የት ወንበር እንደተንቋቋ ምልክት ያደርጋል። ንባቡ ሲያልቅ ማንም አይናገርም፤ መጀመሪያ ሁሉም ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ይጽፋል፦ ምን አየሁ፣ የት ጠፋብኝ፣ ምን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ከዚያ በየተራ ይነበባል።

አስቀድሞ መጻፉ ለእኛ አገር በተለይ ይጠቅማል። ይሉኝታ አለብን። አንደኛው «በጣም ጥሩ ነው፣ በርታ» ካለ ቀጣዮቹ አራት ሰዎችም እሱኑ ይደግማሉ። ታዋቂ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው በመካከል ካለ ደግሞ «ጋሼ እንዲህ ካሉማ» ተብሎ ውይይቱ ያልቃል። ስለዚህ ጋሼ መጨረሻ ላይ ይናገሩ፣ የሁሉም ታናሽ ይጀምር። በተቃራኒው ደግሞ ትችትን የጀግንነት ማሳያ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። እሱን የሚያስታግሰው ያው ወረቀቱ ነው፤ «የማይረባ ነው» ብሎ ከመናገር ይልቅ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ልጅቷ ለምን እንደተመለሰች አልገባኝም» ብሎ መጻፍ ይገደዳል።

ጸሐፊው በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ይላል። ዝምታው ከባድ ነው። «እዚህ ጋ ማለት የፈለግኩት...» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ይመጣል። ይዋጠው። ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ተመልካች ማስረዳት አይችልም፤ ማብራሪያ የጠየቀው ቦታ ገጹ ላይ የጎደለው ቦታ ነው። አስተያየት ሰጪው ደግሞ መድኃኒት አያዝዝም። «እኔ ብሆን አባቱን እገድለው ነበር» ማለት የራሱን ፊልም መጻፍ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፦ ከተሠራ ፊልም

ወዲያው አይጻፍም። አንድ ፊልም ይመረጥና እያቆሙ ይታይ። ለጀማሪ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እመርጣለሁ፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የመረጥኩት ግን ለክብሩ ብዬ አይደለም፤ ፍላጎቱ ጥርት ያለ ስለሆነ ነው። እናቱን ያጣ ልጅ ከዘመድ ቤት ተቀምጧል፣ አንድ በግ አለችው፣ አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ያድናታል ወይ? ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ቢነግሩት ይገባዋል። ፊልሙ በዚህ ላይ የሚደራርበው ብዙ ነው፤ ወጥ የሚሠራ ወንድ ልጅ በገጠር ቤት እንዴት እንደሚታይ፣ ድርቅ ቤተሰብን እንዴት እንደሚበትን። ያ ሁሉ ግን የተንጠለጠለው በበጓ ነው።

እያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ ካርድ ላይ ይጻፍ፤ ካርድ ከሌለ ወረቀት አራት ቦታ ይቀደድ። ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ፦ ማን ምን ፈለገ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን ተለወጠ። ዴቪድ ሊንች የፊልም ተማሪ ሳለ መምህሩ ፍራንክ ዳንኤል ያስተማረው ይህንኑ ዘዴ ነበር፦ ሰባ ትዕይንት የያዙ ሰባ ካርዶች ካሉህ ፊልም አለህ። ዳንኤል ረጅም ፊልምን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ በሚሆኑ ስምንት ክፍሎች መክፈልንም ያስተምር ነበር። እኛ የምንጽፈው አሥር ገጽ ስለሆነ ከስምንቱ አንዱን ክፍል እንደማጠናቀቅ ይቁጠሩት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ካርድ ይበቃናል።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ለኋላ ያቆዩት። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ከእሱ መጀመር ይፈልጋል። ነገር ግን ጊዜን እየሰባበረ ከትዝታ ወደ አሁን የሚመላለስ አጻጻፍ ቀጥታውን መስመር ላልቻለ ሰው መደበቂያ ይሆናል። ታሪኩ የት እንደተሰበረ የማያውቅ ጀማሪ «ፍላሽባክ ነው» ይላል።

ሦስተኛው ሳምንት እና ቀጣዮቹ፦ ትዕይንት መጻፍ

የመጀመሪያው ልምምድ ንግግር የሌለበት የአንድ ገጽ ትዕይንት ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንዱ የሚፈልገውን ነገር ሌላው ይዞታል። ማንም አይናገርም። ይህን መሥራት የማይችል ሰው ንግግር ሲጨመርለት የባሰ ይጠፋል።

ሁለተኛው ልምምድ መቁረጥ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ትዕይንት ሲጀምር ግማሽ ገጽ ሰላምታ ነው፦ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግባ፣ አረፍ በል። በሕይወት ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። በስክሪፕት ውስጥ ግን ተመልካቹ ስልኩን የሚያወጣበት ሰዓት ነው። የትዕይንቱን የመጀመሪያ አራት መስመርና የመጨረሻ አራት መስመር ሰርዘው ያንብቡት፤ ካልጎደለ ይቅር። ሰላምታው ራሱ ጠብ ከሆነ ግን ይቆይ። ለሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ወንድማማቾች «ደህና ነህ?» ሲባባሉ ያ ሙሉ ትዕይንት ነው።

ሦስተኛው አማርኛ የሰጠን ሀብት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ «አንተ» የምትለው ሚስት በድንገት «እርስዎ» ብትለው ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ አንዲት የስድብ ቃል አልወጣችም። ቀጣሪዋን «እርስዎ» ስትል የነበረች ሠራተኛ በመጨረሻው ገጽ «አንቺ» ካለቻት ሥልጣን ተገልብጧል። አንድ ሰው ቁጣ የሚያሳይ ቃል ሳይጠቀም በአጠራር ለውጥ ብቻ የሚጣላበት ሁለት ገጽ ይጻፉ። ለተዋናይ የሚጥም ልምምድ ነው።

አሁን አንድ ገጽ ቀረብ ብለን እንይ። እንዲህ ያለ ትዕይንት ወደ ጠረጴዛው መጣ እንበል፦

ውስጥ – የዳዊት ክፍል – ምሽት
እትዬ ዘነቡ፦ ዳዊት፣ የሦስት ወር ኪራይ አልከፈልክም። እኔም ተቸግሬአለሁ፣ ልጄ ከአረብ አገር የምትልክልኝ ብር ቆሟል። በዚህ ሳምንት ካልከፈልክ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ።
ዳዊት፦ እትዬ፣ እባክዎን ይታገሡኝ። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ የምገባበት ጠፍቶኛል።

ስህተት የለበትም፤ ሰዎች እንዲህ ሊነጋገሩ ይችላሉ። ግን ሁለቱም የልባቸውን ጨርሰው ስለነገሩን የምንጠብቀው ነገር አልቀረም። ጠረጴዛው ላይ የሚነሳው ጥያቄ «ሴትዮዋ ምን ይፈልጋሉ?» ነው። ገንዘቡን? ቤቱን? ወይስ ልጁን ማስወጣት ስለሚያሳፍራቸው ራሱ እንዲወጣ? ሦስተኛውን የመረጠ ጸሐፊ በሳምንቱ ይህን ይዞ ሊመለስ ይችላል፦

ውስጥ – የዳዊት ክፍል – ምሽት
ዳዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላል። እትዬ ዘነቡ ሳያንኳኩ ይገባሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘዋል። ግድግዳውን መለካት ይጀምራሉ።
ዳዊት፦ እትዬ፣ ልያዝልዎት?
እትዬ ዘነቡ፦ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። (ለራሳቸው) ሦስት ሜትር ከሃያ።
ዳዊት፦ ቀለም ሊያስቀቡት ነው?
እትዬ ዘነቡ ሜትሩን ይጠቀልላሉ። አልጋውን ያያሉ።
እትዬ ዘነቡ፦ አልጋህ የሚፈታ ነው?
ዳዊት፦ አዎ... ለምን?
እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ይቆማሉ።
እትዬ ዘነቡ፦ እራትህ ይሄ ነው?

ኪራይ የሚል ቃል የለም፣ ችግር የሚል ቃል የለም፤ ተመልካቹ ግን ሁሉንም ያውቃል። ተዋናይዋ ሜትር ይዛ የምትሠራው ሥራ አገኘች። የዕቃ ግዢ ኃላፊውም ምን እንደሚያመጣ አወቀ። ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው የተሻለው ጸሐፊው በሳምንት ውስጥ ተሰጥኦ ስለጨመረ አይደለም፤ አንድ ሰው ጥያቄውን ስለጠየቀው ነው።

አጻጻፍና ሶፍትዌር፣ በአጭሩ

የትዕይንት ርዕስ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ቦታው፣ ጊዜው። ለጊዜው ንጋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት ብቻ ይጠቀሙ። «12 ሰዓት» ብለው ከጻፉ ግማሹ የቀረጻ ቡድን ጧት፣ ግማሹ ማታ ይመጣል።

የታወቁት የስክሪፕት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። የገጸ ባሕርይ ስም የሚለዩት በትልቅ ፊደል ስለሆነ፣ ግዕዝ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ ስሙን ከተራ ጽሑፍ ጋር ይቀላቅሉታል። ነፃ የሆነው የፋውንቴን አጻጻፍ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ከትዕይንት ርዕስ በፊት ነጥብ፣ ከስም በፊት ደግሞ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ያለው ምልክት ሲደረግ ፕሮግራሙ ይለየዋል። ይህ ካስቸገረ በወርድ ስሙን መሐል አድርገው ያድምቁት።

አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለውን እንዳለ አይውሰዱ። ሂሳቡ የተሠራው ለእንግሊዝኛ፣ በ12 ነጥብ ኩሪየር ፊደል ነው። የእርስዎን ልኬት ራስዎ ያግኙ፦ አሥሩን ገጽ ሰዓት ይዘው በተዋናይ ፍጥነት ያስነብቡ። 14 ደቂቃ ከፈጀ አንዱ ገጽዎ 84 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ያስሉ።

ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት፦ ደግሞ መጻፍ

ሙሉው ረቂቅ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ይግባ፣ ምንም ያህል መጥፎ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የማሻሻያ ነው። ሰው ይህን ክፍል ያሳጥረዋል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ያህሉን እሰጠዋለሁ።

ከስብሰባው እንደወጡ ወዲያው አይጻፉ። አስተያየቶቹን ሁለት ቀን አሳድረው እንደገና ያንብቧቸው። ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ መፍትሔ ሰጥቶ ቦታው ግን አንድ ከሆነ፣ መፍትሔዎቹን ይተዉ፣ ቦታውን ይያዙ፤ ችግር ያለው እዚያ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያነሳው ነገር ጣዕም ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ለማስደሰት የተሻሻለ ረቂቅ ማንንም አያስደስትም።

በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ያስተካክሉ። የመጀመሪያው ዙር ለትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ካርዶቹን መሬት ላይ ዘርግተው ያለ አንዱ ታሪኩ ይቆም እንደሆነ ይሞክሩ። ቀጣዩ ለአንድ ገጸ ባሕርይ፤ የእሱን ቃል ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው ከሌሎቹ የማይለይ ከሆነ ሁሉም የሚናገሩት በእርስዎ አፍ ነው ማለት ነው። ቃላትን ማሳመር መጨረሻ ይመጣል። ሊሰረዝ የሚችል ትዕይንት ውስጥ አረፍተ ነገር ማስዋብ ጊዜ ማባከን ነው። የድሮውን ረቂቅ አያጥፉ፤ ቁጥርና ቀን ሰጥተው ያስቀምጡት። አራተኛው ላይ ሆነው ሁለተኛው የተሻለ ነበር የሚሉበት ትዕይንት አይጠፋም።

በስልክ መቅረጽ

በአሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ትዕይንት ይቀረጻል፤ አጭሩና ንግግር ያነሰበት። ስልኩን አግድም ይያዙ፣ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። ፊልሙ ቆንጆ እንዲሆን አይጠበቅም።

የሚጠበቀው ካሜራው የማይቀበለውን ነገር ማየት ነው። «ያለፈ ሕይወቱን እያሰበ ይጸጸታል» ብለው የጻፉት ጋ ሲደርሱ ተዋናዩ ቀና ብሎ «ምን ላድርግ?» ይላል። በገጹ ላይ የሚያምር የሚመስለው ባለ አራት መስመር ንግግር አንድ ትንፋሽ አይበቃውም፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆረጣል። የጻፉት ሹክሹክታ በጎረቤት ዶሮና በመንገድ ድምፅ ይዋጣል። እነዚህን ሁሉ ወደ ገጹ መልሰው ያስተካክሉ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሙሉው ስክሪፕት ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል፤ በዚህ ጊዜ ከቡድኑ ውጪ የሆኑ፣ ታሪኩን ሰምተው የማያውቁ አምስት ስድስት ሰዎች ይጋበዙ። ስለ ስክሪፕት የማያውቅ ዘመድ ቢሆን የተሻለ ነው።

የመብት ነገር

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ሐሳብ ግን ለብቻው አይጠበቅም። «የበግና የልጅ ታሪክ» የማንም ነው፣ የጻፉት አሥር ገጽ ግን የእርስዎ ነው። ይህ ማለት ሐሳብን በቃል ከማውራት ገጹን ጽፎ ማምጣት ይበልጥ ያስተማምናል። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የላኩት ረቂቅ ቀኑን ይዞ ይቀመጣልና አይሰርዙት።

ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ከሆነ ፈቃዱን ቀድመው በጽሑፍ ይውሰዱ። «ድፍረት» በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ቢያገኝም፣ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊታይ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ፣ የታሪኩ መነሻ የሆነችው ሴት ባነሳችው የመብት ጥያቄ በፍርድ ቤት እግድ መቆሙ ይታወሳል።

በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች መካከልም አንድ ገጽ ስምምነት ይኑር፦ የተነበበው ገጽ የጸሐፊው ብቻ ነው፣ አስተያየት መስጠት የደራሲነት ድርሻ አያሰጥም፣ አንድ ሰው ትዕይንት ጽፎ ካገዘ ግን በጽሑፍ ይስማማሉ፣ ከክፍሉ ውጪ የማንም ረቂቅ ለማንም አይላክም። ወዳጅ ለወዳጅ መፈራረም ያሳፍራል የሚል ይኖራል። ስምምነቱ ከመጀመሪያው ንባብ በፊት ከተፈረመ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ ፕሮዲውሰር ከመጣ በኋላ ከሆነ ግን ሽማግሌ ያስፈልገዋል።